ከሒሳብ ክፍል ተጠርታ ስለወጣችው ልጄ

ለተከበሩ የመንግሥት ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ መስኮት ላይ የደረደሯቸው አበቦችም ሳይቀሩ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት አንሶላ የምተኩስ እናት ነኝ። ልጄ በትምህርት ቤትዎ አራተኛ ክፍል ትማራለች፤ ወደዚህ አገር ከመጣን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ጎረቤቴ ወደ ቋንቋዎ የሚመልሱልኝን ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ድፍረት ኖሮኝ አይደለም። ብቻዬን ቢሮዎ ከመግባት ግን ሰው ሁሉ እያየኝ ብናገር ይሻለኛል ብዬ ነው። ለዋሉልን ውለታ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ልጄ ክፍልፋይ እየተማረች ሳለ መዝጋቢዎ ከክፍል አስጠርተው ቢሮ ስላስገቧት ከልብ አመሰግናለሁ። አሥር ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ እግሯ መሬት በማይደርስበት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የእናቷ የመኖሪያ ፈቃድ ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያበቃ፣ እናቷም የት እንደምትሠራ በትሕትና ተጠይቃለች። ፈቃዱን እስከ ዓርብ ካላመጣች ከሰኞ ጀምሮ ወንበሯ ለሌላ ልጅ እንደሚሰጥም ተነግሯታል።

ያን ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማ፣ «እማ፣ የምትሠሪበትን ሆቴል ነገርኳቸው፤ ሴትየዋም ጻፉት። አጠፋሁ እንዴ?» አለችኝ።

«አላጠፋሽም የኔ ልጅ» አልኳት። ቦርሳዋንም ከትከሻዋ አወረድኩላት። የፈቃድ ማመልከቻዬ ከገባ ዓመት አልፎታል፤ መልሱ ግን እስካሁን አልመጣም። መልስ የምትጠብቅ ሴት የምትሠራበት ቦታ የተጻፈበት ወረቀት ማን እጅ ሊገባ እንደሚችል ለመገመት፣ ክቡርነትዎ፣ ብዙ መማር አያስፈልግም።

ሁለተኛ፤ ቤታችን ውስጥ አዳዲስ የትምህርት ዓይነቶች እንድንጀምር ምክንያት ስለሆኑልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ልጄን አሥራ አንድ የትምህርት ቀን ከቤት አስቀረኋት። ከሥራ ሳልመለስ ብቀር የምትደውልበትን ቁጥር በቃሏ አስያዝኳት። ልብሷን በትንሽ ሻንጣ አጥፌ በሩ አጠገብ አኖርኩ። መንገድ ላይ ሰው ስለ እኔ ቢጠይቃት «አላውቅም» እንድትል፣ ስትልም ዓይኗን እንዳትሰብር አለማመድኳት። ጎበዝ ተማሪ ስለሆነች ቶሎ ቻለችው። እኔም በሆቴሉ የሠራተኞች በር መግባት ትቼ በቆሻሻ ማውጫው በኩል እገባ ጀመር። የማላውቀው ሰው ኮሪደሩ ላይ ሲያስል እንኳ ሥራዬን ትቼ ወደ በሩ እዞራለሁ። አንድ ቀን ካውያው ከእጄ አምልጦ ክንዴን ጠብሶታል፤ ይድናል።

ሦስተኛ፤ የልጄ መቅረት አሳስቦዎት ሁለታችንንም ስለጠሩን አመሰግናለሁ። ቋንቋውን ስለማልችል አስተርጓሚ ይኖራል ብዬ ነበር፤ አልቀረም፣ ነበረ። አስተርጓሚዋ ልጄ ነበረች። እርስዎ ጠረጴዛውን በጣትዎ መታ መታ እያደረጉ ረጅም ነገር ተናገሩ። እሷ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እማ፣ ናፍቀሽናል እያሉኝ ነው። ጎበዝ ተማሪ ነሽም አሉኝ» ብላ ተረጎመችልኝ። አገጯ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ምንም እንዳልገባኝ መስዬ፣ «እግዜር ይስጥልኝ በያቸው» አልኳት። እርስዎ ፊት እናትና ልጅ፣ አንዳችን ሌላችንን ላለማስደንገጥ ስንዋሽ ነበር። ምን እንዳሉ ዛሬም አላውቅም፤ እሷም ልትነግረኝ አልፈለገችም።

አራተኛው ምስጋና በእርግጥ የሚገባው ለጎረቤቴ ነው። እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ የአገሩን ቋንቋ እንደ ውሃ ይጠጡታል። ልጅቷ ቤት መዋሏን አይተው ቢጠይቁኝ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

«ተነሺ፣ እንሂድ» አሉ።

«እትዬ፣ እባክዎ ይቅርብኝ። ከነልጄ ያስይዙኛል» ብዬ ለመንኳቸው።

«እኔ ከፊት እሆናለሁ፣ አንቺ ከኋላዬ ሁኚ።»

እውነትም እንደ ሕፃን ልጅ የኮታቸውን ጫፍ ጨብጬ ከኋላቸው ሄድኩ። ከመዝገብ ቤትዎ በር ጀርባ፣ በሩ ክፍት ሲሆን የማይታይ አንድ ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እትዬ ወደ ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉና ጮክ ብለው አነበቡት፤ ለእኔም ተረጎሙልኝ። ማንኛውም ልጅ የወላጆቹ የመኖሪያ ፈቃድ ሳይጠየቅ የመማር መብት አለው ይላል። ቋንቋውን ለማይችሉ ወላጆች ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ያቀርባል፣ አዲስ ለመጡ ተማሪዎችም የቋንቋ ማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል ይላል።

መዝጋቢዎ፣ «እሱ እኮ ድሮ የተለጠፈ ነው» አሉ።

«ተሽሯል?» አሉ እትዬ።

«አልተሻረም።»

«እንግዲያው ልጅቷን በምን ሕግ ነው የጠየቃችኋት?»

መዝጋቢዎ የጠረጴዛቸውን ወረቀቶች ማስተካከል ሲጀምሩ መልሱን ያለ አስተርጓሚ ተረዳሁት። እርስዎም ከቢሮዎ ብቅ ብለው «ትንሽ አለመግባባት ነው» አሉ። ልጄ ሰኞ ዕለት ወደ ክፍሏ ተመለሰች፤ የቋንቋ ማጠናከሪያውም ሁለት ዓመታችን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተጀመረላት። ለዚህኛው የማመሰግንዎ የእውነቴን ነው።

አምስተኛው ልመና ነው። የሆቴሉ ስም የተጻፈበት ያ ወረቀት የት ነው ያለው? በእትዬ በኩል ሳስጠይቅ «ፋይል ውስጥ ነው፣ አያስቡ» ተባልኩ። የትኛው ፋይል ውስጥ? ቁልፉስ ማን ጋ ነው? ቅጂው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሄዷል ወይስ አልሄደም? አለማሰብ የሚቻልበትን ዘዴ አብረው ቢያስተምሩኝ ማስታወሻ ይዤ እማራለሁ፤ ካልሆነ ግን ወረቀቱን በእጄ እንዲመልሱልኝ እለምናለሁ። የክፍል አስተማሪዋ እንደነገሩን፣ ልጄ አሁን የክፍሉ በር በተከፈተ ቁጥር ደብተርና እርሳሷን ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ማንም አልጠራትም። በሩ ሲዘጋ መልሳ ታወጣቸዋለች።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለሠራተኞችዎ ሙሉ ጤና፣ ለመዝገብ ቤትዎ ደግሞ አጭር ትዝታ እየተመኘሁ፣ ስሜን ለመጻፍ ያልደፈርኩ፣ በትምህርት ቤትዎ ደጅ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን የምደፋ፣

ታዛዥዎ፣ የአንዲት ተማሪ እናት

ማሳሰቢያ፦ መልስ ካለዎት ሰው ወደ ቤታችን እንዳይልኩ አደራ። የመጣው ይቅርታ ይዞ ቢሆንም እንኳ፣ በራችን ሲንኳኳ እኔና ልጄ አልጋ ሥር እንገባለን፤ ቀድማ የምትገባው እሷ ናት። ይህን እኔ አላስተማርኳትም፤ ከትምህርት ቤት ይዛው የመጣችው ነው።