ውሃ ብቻ የሚመጣ መስሎህ

ለታደሰ፣ ለትርሲት አባት፤

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፣ እጄ ለምዶበት። የሞተ ሰው እንደምን ይሰነብታል? ይልቅ አንተ ጠይቀኝ። ከተለየኸኝ ሁለተኛውን ሙት ዓመትህን ላወጣ ስሰናዳ ነው ይሄ ሁሉ መዓት የወረደው። ለቄሱ ነግሬ፣ እዚህ ዴም ሰፈራችን ያሉትን ያገራችንን ሰዎች ጠርቼ፣ ለዝክሩ የሚሆነውን ሽሮና በርበሬ ከሱቄ ለይቼ አስቀምጬ ነበር። ቀረ። መቃብርህ ድረስ ሄጄ እንዳላወራህ መንገዱ ዝግ ነው። ስለዚህ ያጠራቀምኩልህን ስድብም ናፍቆትም እዚሁ ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ፤ እንዴት እንደሚደርስህ አንተ እወቅበት።

የት ነሽ ብትለኝ፣ በማድ ቤቱና በሽንት ቤቱ መካከል ያለችው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ፣ ሲሚንቶው ላይ ነኝ። መስኮት የሌላት እሷ ብቻ ናት። ሐጃ ሱዓድ፣ ያቺ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን፣ ብቻዋን ፈርታ እኔ ጋ መጥታለች። ሁለት ባልቴቶች እግራችንን አጣጥፈን እዚህች እንውላለን፣ እዚህች እናድራለን። ካርቱም ጦርነት ገብቷል፣ ታደሰ። ድንበር ላይ አይደለም፤ መንገዳችን መሃል፣ መስኮታችን ሥር። በቀዳም ስዑር ጠዋት ነው የጀመረው። ዶሮው ታስሮ፣ እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ትርሲትን እጠብቃለሁ፤ አሠሪዎቿ ለፋሲካ እረፍት ሰጥተዋት እዚሁ ካርቱም ካለው ከሪያድ ሰፈር ልትመጣ ነበር። የመጀመሪያውን ስሰማ የሰው ቤት ጋዝ የፈነዳ መስሎኝ በእግዚአብሔር ስም ብዬ አማተብኩ። ከዚያ ሁለተኛው መጣ፣ ከዚያ ማቆሚያ አጣ።

ስለ ቤታችን ልንገርህ። ጣሪያ ላይ የሰቀልከው የውሃ በርሚል ገና በመጀመሪያው ሳምንት በጥይት ተበሳ። ውሃው በግድግዳው ሲወርድ ሐጃ ሱዓድ ድስት ይዛ፣ እኔ ባልዲ ይዤ ተሯሯጥን፤ ያተረፍነው ጥቂት ነው። ከኮርኒሱ ሥር የሠራኸው መደርደሪያ ደግሞ ጉድ አፈላብኝ። ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ መድኃኒቱን፣ ባትሪውን፣ በላስቲክ የጠቀለልከውን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችንን፣ የስደተኛ ወረቀቱንም ሁሉ እዚያ ላይ ነው የከመርከው። እሱን ለማውረድ መሰላል ያስፈልጋል፤ መሰላሉ ላይ የወጣ ሰው ደግሞ በመስኮቱ ከውጭ ወለል ብሎ ይታያል። ይታይሃል? በልቤ ተስቤ ሄጄ በመጥረጊያ እንጨት እየጎሸምኩ አወረድኩት። ዱቄቱ ራሴ ላይ ተዘረገፈ። ሐጃ ሱዓድ አይታኝ በዚያ መከራ መሃል በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩና ማቆም አቃተኝ።

አንተ ሰውዬ! ዕድሜህን ሙሉ ለክፉ ቀን ስትዘጋጅ ኖርክ። የአልጋችንን እግር በብሎኬት አስቆምክ፣ ሶኬቱን ሁሉ ወገቤ ድረስ ከፍ አደረግክ፣ ጫማ እንኳን መሬት ላይ አታስቀምጡ እያልክ ስታንጨረጭረን ኖርክ። ያ ሁሉ ውሃ ከታች ሲመጣ ነው። ይሄኛው ከላይ መጣብን፤ አሁን ከፍ ያለ ነገር ሁሉ ጠላታችን ሆኗል። አልጋውን ከብሎኬቱ ላይ አውርጄ ፍራሹን መሬት አንጥፌዋለሁ። ይቅርታ አልጠይቅህም።

ምክንያትህን ግን አልረሳሁትም፤ እሱን ረስታ ነው የምትሳደበው እንዳትለኝ። ትርሲት ገና ስትድህ፣ ከከተማው ዳር ተከራይተናት የነበረችው ክፍል ግድግዳዋ ጃሉስ ነበር፣ ጭቃ ብቻ። ኸሪፉ፣ ክረምቱ፣ ገባና ዝናቡ ወረደ፣ ጎርፉ በሩን ገፍቶ ምንጣፋችን ላይ ቆመ። አንተ ሥራ ላይ ነህ። እኔ ልጄን አዝዬ አንተን ፍለጋ ወጣሁ፤ አንተ ደግሞ እኛን ፍለጋ በሌላ መንገድ መጥተህ ቤቱ ሲናድ ደረስክ። ውስጥ ያለን መስሎህ ጭቃውን በእጅህ ስትቆፍር ጎረቤቶች ጎትተው ነው ያወጡህ። እኔ የሥራ ቦታህ ደርሼ የለም ሲሉኝ፣ ውሃው ወሰደው ብዬ እዚያው ደረቴን ስደቃ ዋልኩ። በማግስቱ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ስንገናኝ ጥፍሮችህ ተነቅለው ነበር። እኔን ሳትስም ልጅቷን ነጥቀህ አንገቷ ውስጥ ገብተህ እንዳለቀስክ አስታውሳለሁ። ቀንቼባት ነበር፣ እውነቱን ልንገርህ።

ሕጉን ያወጣኸው ያኔ ነው። ማንም ማንንም አይፈልግ። ስልክ ከጠፋ፣ መንገድ ከተዘጋ፣ እያንዳንዱ ካለበት ተነስቶ ወደ ላይ ይሂድ፣ እዚያም ሆኖ ይጠብቅ። ላይ የምትለው ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ያለው የዚያ የምትሠራበት ረጅም ሕንፃ ጣሪያ ነው። አገር ቤት ጂኦግራፊ ያስተማርከው ሰውዬ እዚህ ኤር ኮንዲሽነር ጠጋኝ ሆነህ፣ የሕንፃውን ማሽኖች የምታየው አንተ ስለነበርክ የጣሪያው ቁልፍ እጅህ ነበር፤ ለሦስታችንም አስቀረጽክልን። ዓባይ ከተማውን ቢውጥ እዚያ አይደርስም እያልክ ደረቅ ብስኩትና ውሃ ከማሽኖቹ ጀርባ ደበቅክ።

ከዚያማ በየዓመቱ ኸሪፍ ከመግባቱ በፊት፣ ዓርብ ዓርብ፣ ልምምድ! ሊፍት አይቻልም፣ መብራት ይጠፋልና በደረጃ። እኔ በግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቴን ይዤ አንተንም ውሃውንም ዓባይንም ስራገም፣ ትርሲት እየዘለለች ትቀድመንና ከላይ ሆና በዓረብኛ ስማችንን ትጠራለች። ያላ ማማ፣ ሰጠምሽ! ትለኛለች። ጣሪያው ላይ ስንደርስ ሁላችንንም በስም ትጠራለህ፣ አቤት እንላለን። ሦስት ሰው ሆነን ስም መጥራት! የሕንፃው ሰዎች እብድ ነው የሚሏችሁ አልኩህ፤ አንተ ግን ከምርህ ነበር። ከዚያ ሦስታችንም የማሽኑ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ፉል በዳቦ እንበላለን፤ ንፋሱ ደስ ይላል፣ ሁለቱ ወንዞች ይታያሉ። ዛሬ ሳስበው ከዚያ የበለጠ ሽርሽር ወስደኸን አታውቅም።

አንተ ከሞትክ በኋላ ይቀራል ብዬ ነበር። መቼ! ያለፈው ኸሪፍ ሊገባ ሲል ትርሲት ከሪያድ በረክሻ፣ በባጃጅ፣ መጥታ እጄን ይዛ አወጣችኝ። ደክሞኛል ልጄ፣ አባትሽም የለ ብላት፣ በዚያ ስብርባሪ አማርኛዋ፣ ባባ የለም፣ ሕጉ ግን አለ አለችኝ። ጣሪያው ላይ ሆና ስምህን ጠራች፤ ከዚያ ራሷ አቤት አለች። ይቺን ልጅ አንተ ነህ የሠራሃት። እኔ አሥር ጊዜ የነገርኳት ባንዱ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ አንተ አንድ ጊዜ ያልከው ግን እንደ ጸሎት ነው።

አሁን የምነግርህን ቁጭ ብለህ ስማኝ።

ትርሲት ልጅ የምትይዝላቸው የሪያድ ሰዎች ከከተማ ወጡ። ቪላውን ቆልፈው፣ ልጆቻቸውንና ሻንጣቸውን ጭነው፣ ለእሷ መኪናው ውስጥ ቦታ የለም አሏት። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ በስልክ፤ ሸበካው፣ ኔትወርኩ፣ ከስንት ቀን በኋላ ብቅ ያለ ዕለት። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ማማ፣ ስልክ እየጠፋ ነው፣ መንገድም ዝግ ነው፣ እኔ ባባ ወዳለን ቦታ እየሄድኩ ነው፣ አንቺም ነይ፣ ማንም ማንንም አይፈልግ፣ ኸላስ፣ አለቀ አለችኝ። እኔ ጮህኩ። አይሆንም፣ እዚያ አትውጪ፣ ውሃ አይደለም የመጣው፣ ጣሪያ አይደለም የሚያድነው እያልኩ ጮህኩ። ስልኩን ከጆሮዬ ሳነሳው ጸጥ ብሏል። የትኛው ቃሌ ላይ እንደተቆረጠ አላውቅም። አንዱን ቃል እንኳን ሰምታ ይሆን ወይስ ለግድግዳው ነው የጮህኩት? ከዚያን ቀን ወዲህ ስልኩን ያልሞከርኩበት ሰዓት የለም። ማፊ ሸበካ፣ መስመር የለም።

አንተ ስለማታውቅ ልንገርህ። እዚህ ጦርነት ውስጥ ፎቅ ያለው ሁሉ የተኳሽ መቀመጫ ነው። አንደኛው ወገን ይወጣበታል፣ ሌላኛው ይደበድበዋል። ጣሪያ ላይ ጥላው የታየ ሰው ማን ነህ አይባልም። ይሄን ዴም ውስጥ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ከመንገዳችን ጫፍ አንገቴን ሳሰግግ የዚያ ሕንፃ አናት ይታየኛል፤ አንዱ ጎኑ ጠቁሯል። መቼ እንደጠቆረ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። እሷ ከመድረሷ በፊት ነው? ከደረሰች በኋላ? እግዚኦ፣ ምን ዓይነት ነገር ነው የማስበው!

በእግር እኮ ቅርብ ነው! ሽሮ ላደርስ ስንቴ የተመላለስኩበት መንገድ። አንድ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። ትልቁ አስፋልት ላይ ወታደሮች ኢርቲካዝ አቁመዋል፣ ኬላቸው ነው። ትርሲትን የሚያክል ወታደር ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ ተመለሺ አለኝ። ወዴት ነሽ ሲለኝ፣ ልጄ እዚያ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ናት ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ጣሪያው ላይ ሰው አለ ብዬ ለማን ነው የምናገረው? ጠቁሜ ላስገድላት ነው? ዳቦ ፍለጋ ነው አልኩትና ተመለስኩ። ልጄ የት እንዳለች እያወቅሁ፣ እርዱኝ ብዬ የምለምነው ሰው የለም። ቢርበኝ እችላለሁ፣ ተኩሱንም ለምጄዋለሁ፤ ይሄ ግን አንጀቴን ቆረጠው።

ያገራችን ሰዎች አብዛኞቹ ሄደዋል፤ ገዳሪፍ፣ ከዚያም መተማ እያሉ። የሐጃ ሱዓድ ወንድም ነገ በጠዋት መኪና ይዞ መጥቶ ወደ መደኒ ከተማ ይወስዳታል። ለእኔም ቦታ አስይዛልኛለች። ያ ኡም ትርሲት፣ የትርሲት እናት፣ አንቺ ከሞትሽ ልጅቷ ማን ጋ ትመጣለች ትለኛለች፤ እጄን ይዛ ታለቅሳለች። እውነቷን ነው። ግን ሄጄ መደኒ ቁጭ ብል፣ እሷ አንተ በደበቅከው ብስኩትና ውሃ እዚያ ሆና እኔን ትጠብቃለች። ሁላችንም ሳንሰበሰብ አትወርድም፤ አንተ እንደዚያ ነው ያስተማርካት። ሌላ ሰው ቢሆን ርቦት፣ ፈርቶ ይወርዳል። የታደሰ ልጅ አትወርድም።

ስለዚህ ሕግህን ላፈርስ ነው፣ ታደሰ። ሐጃ ሱዓድን እሸኛታለሁ። እኔ ደግሞ ውሃ ሊቀዱ ከሚወጡት ሴቶች ጋር ተቀላቅዬ፣ ጀሪካን ይዤ፣ በውስጥ ለውስጡ ወደ ካርቱም ሁለት እሄዳለሁ። እፈልጋታለሁ። ተፈላልገን ብንጠፋ እንጥፋ፤ አንተም ያኔ በባዶ እጅህ ጭቃ ስትቆፍር ማንም አላስተማረህም፣ አባት ስለሆንክ ነው። እኔም እናት ነኝ። ፈርቻለሁ፣ ያንን ደረጃ እንዴት እንደምወጣው አላውቅም፤ ብቻ እወጣዋለሁ።

ካገኘኋት ሁለታችንም እስክንሞት እናስብሃለን። ሙት ዓመትህን በደረስንበት አገር፣ ባገኘነው ነገር፣ ቆሎም ቢሆን ቆልተን እናወጣለን። የልጅ ልጅ ቢኖረን ሁላችንንም በስም ትጠራን እንደነበር፣ ጥፍርህ በእኛ ምክንያት እንደተነቀለ እነግረዋለሁ። ካላገኘኋትም አስብሃለሁ፤ ሰላሳ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው አይረሳም። በምን ልብ እንደማስብህ ግን አላውቅም፤ ይህን ከአሁኑ እወቀው።

አንድ ነገር ብቻ ለምኜህ ልነሳ። የሞተ ሰው በህልም ይመጣል ይላሉ፤ እኔ ጋ ስንት ጊዜ መጥተህ ዝም ብለኸኝ ሄደሃል። እኔን ተወኝ፣ አሁን እሷ ጋ ሂድ። የትም ሆና ትንሽ ዓይኗን ስትከድን ጠብቅና ግባላት። እኔን አትሰማኝም፣ አንተን ትሰማለች። እናትሽ እስክትደርስ አትጠብቂ በላት። ባባ ተሳስቶ ነው በላት፣ ውረጂ በላት።