በሳሙና የታጠበው ማውጫ፦ የአባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችንና እናታችን በተጋቡ በሦስተኛው ሳምንት ተቀያየሙ። እናታችን ምሳ ይዘው አባታችን ወደሚሠሩበት የብረታ ብረት ሥራ ቤት ሲደርሱ አባታችን ለዕቃ ወጥተው ነበር። ብረት ከሚጫነው ፕሬስ አጠገብ በጥቁር ግሪስ የተለወሰ ጎድጓዳ ብረት አዩ። ባላቸውን የሚያስደስቱ መስሏቸው በልብስ ሳሙና አሽተው አጠቡት፤ ሊያለቀልቁት ሲሉ የቧንቧው ውሃ ሄደ። አባታችን ሲመለሱ ብረቱ ሳሙናው ደርቆበት ነጭ ሆኖ ጠበቃቸው።

“ምነው፣ ማን ንኪው አለሽ?” አሉ።

“እንዲህ የጠቆረ ዕቃ ሰው ፊት ይቀመጣል? ታጠበ እንጂ አልተሰበረ!” አሉ እናታችን።

አባታችን የደረሰውን ጥፋት ሊያሳዩአቸው ብረቱን ቦታው መልሰው፣ አንድ ክብ ላሜራ አስቀምጠው ፕሬሱን አወረዱት። ሲያነሱት ከሥሩ የወጣውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ከዚያም፣ “እስቲ ድገሚና እጠቢው” አሏቸው። እናታችን የተሾፈባቸው መሰላቸው፤ ምሳውን እዚያው ትተው ወጡ። አባታችን ሳፋ ታቅፈው እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ተከትለዋቸው ሮጡ። ማሾፋቸው አልነበረም። አርባ አንድ ላሜራ ከተቀደደባቸው በኋላ አርባ ሁለተኛው በደረቀው ሳሙና ላይ ተንሸራቶ ብየዳ የሌለው፣ አንድ ወጥ ሳፋ ሆኖ ወጥቶላቸው ነው።

አባታችን መጋቢት 9 ቀን 1944 ዓ.ም. ከግንበኛ አባታቸውና ልብስ በማጠብ ቤተሰብ ከሚደጉሙት እናታቸው ተወለዱ። ከስድስት ልጆች ሦስተኛው ነበሩ። ያደጉት ከወፍጮ ቤት ጀርባ ባለች ባለሁለት ክፍል ቤት ነው። የእናታቸው ሳፋ ከሁለት ቁራጭ ቆርቆሮ የተበየደ ስለነበር በመጋጠሚያው በኩል በየወሩ ያፈስ ነበር። ቀዳዳውን በሰም የመድፈን ሥራ የእሳቸው ነበር። “እናቴ ከልብሱ ይልቅ እግሯን ነበር የምታጥበው” እያሉ ይስቁ ነበር፤ ሲስቁ ግን ዓይናቸው እንባ ያቀር ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሠፈራቸው ተከታትለው፣ በሙያ ትምህርት ቤት ለሁለት ዓመት ብረት ሥራ ተማሩ። በ1964 ዓ.ም. በሥራ ቤቱ ተቀጥረው እጀታ መበየድ ጀመሩ። ትርፍ ጊዜ ሲያገኙ ግን ከወዳደቀ ብረት አንድ ቅርጽ ማውጫ ይሠሩ ነበር። ማውጫው እናታችን ያጠቡት ጎድጓዳ ሴቴና በፕሬስ የሚወርድ ወንዴ ነበረው። በመካከላቸው የገባ ላሜራ በአንድ ግፊት ሳፋ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበራቸው። ላሜራው ግን ወይ ይሸበሸባል፣ ወይ ይቀደዳል። አለቃቸው፣ “ላሜራ ሊጥ አይደለም፤ የማይሆን ነገር አትለማመጥ” ብለው እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ጊዜ ሰጧቸው። ካልሆነ ማውጫው ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ይጣላል፣ እሳቸውም ለሁልጊዜው ወደ እጀታ ብየዳቸው ይመለሳሉ።

እናታችንን በ1970 ዓ.ም. ያገቡት በዚያው ወር ነው። ከላይ የተነገረው ነገር የሆነውም ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ነበር። አለቃቸው ሳፋውን ገልብጠው፣ ውሃ ሞልተው፣ ከታች በእጃቸው ዳብሰው ሲያበቁ፣ “ሚስትህን ቅጠራት” አሉ ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠፈሩ አባታችንን “ጋሽ ሳሙና” ብሎ ጠራቸው። ሳሙና ይሸጡ መስሎት በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው አልጠፋም።

ቀጥሎ የላሜራውን ጠርዝ በሞላ፣ ማለትም በስፕሪንግ፣ እየተጫነ የሚይዝ ቀለበት ፈለሰፉ። ከጠበቀ ይቀደዳል፣ ከላላ ይሸበሸባል፤ ሞላው ግን እንደ አስፈላጊነቱ ይለቃል፣ ይይዛልም። ልጆች ማሳደግም እንደዚሁ ነው ሲሉ እናታችን፣ “እህ፣ ሞላዋ እኔ ነኛ!” ይሏቸው ነበር። በ1978 ዓ.ም. የራሳቸውን ሥራ ቤት ከፈቱ። በሩ ጠባብ ስለነበር ፕሬሱ የገባው ግድግዳው ፈርሶ ነው።

ታላቅ እህታችን በ1996 ዓ.ም. ትምህርቷን ጨርሳ ከእሳቸው ጋር መሥራት ጀመረች። አንድ ቀን አባታችን በሌሉበት የማውጫው አፍ ጠርዝ ዶልዱሞ አየችው። ያረጀ መስሏት በቶርኖ ማሽን ስል አደረገችው። በማግስቱ የገባው ላሜራ ሁሉ በመቀስ የተቆረጠ ያህል እየተቆረጠ ወጣ። ያ ዶልዳማ ጠርዝ አባታችን ሰባት ሳምንት በእጃቸው ያለሰለሱት ነበር። አልተቆጡም። የብርጭቆ ወረቀት ሰጥተዋት፣ “በይ ጀምሪ፣ የእኔ ልጅ” ብቻ አሏት። እሷ ስታለሰልስ እሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው ሲያስቡ ሰነበቱ። በመጨረሻ የማውጫውን አፍ ከአካሉ ለይተው የሚወልቅ ቀለበት አደረጉት። አንድ አካል አፉን እየቀያየረ አምስት ዓይነት ሳፋ አወጣ። ፈጠራው ሲመዘገብ፣ “ባታበላሺው ኖሮ አላስበውም ነበር” ብለው የእሷን ስም ከራሳቸው ስም በፊት አስጻፉ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ የልብ ድካም ከቤት አዋላቸው። በልባቸው የቀረው አንድ ነገር ነበር፦ ከሳፋ በጣም የሚጠልቅ፣ አንድ ወጥ ባልዲ። እህታችን ሥራውን ቀጠለች፤ የተቀደደውን ሁሉ ወደ አልጋቸው እያመጣች ታሳያቸው ነበር። ረቡዕ ዕለት ያልተቀደደ አመጣች። አባታችን ውስጡን ዙሪያውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱትና፣ “ታች ጥጉ ላይ ሳስቷል” አሉ። እናታችን፣ “ውሃ ይይዛል ወይስ አይዝም?” ብለው ሞልተው አልጋው አጠገብ አስቀመጡት። ጠዋት ወለሉ ደረቅ ነበር። አባታችን ወለሉን በመዳፋቸው ነክተው ፈገግ አሉ።

በማግስቱ፣ ዓርብ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው በሰላም አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎች ጋር ያሳርፍልን፤ ደክመው የማያውቁት እጆቻቸውም ይረፉ።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣታችን በፊት እናታችን ሥራ ቤቱን አስከፍተው ገቡ። “ሰኞ ሥራ አለ” ብለው የባልዲውን ማውጫ በሳሙና አጠቡት። አላለቀለቁትም።