ከምስክርነቱ በኋላ የተደበቀው ጠብታ

ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ
ቅዳሜ ጠዋት

ለውድ እትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የተቃጠለው እጅሽስ ጠገገልሽ? ልጅሽ ሩትስ ፈተናዋን ጨረሰች? እኛ ቤት፣ ጌታ ይመስገን፣ ሁሉም ደህና ነው። ባለቤቴ ታቢታ ደህና ናት፣ ዶሮዎቹ ደህና ናቸው፣ እኔም ከአንድ ዐይኔ በቀር ደህና ነኝ። ያልደወልኩልሽ ጠልቼሽ አይደለም። ስልክ ላይ ድምፄ ያሳብቅብኛል፤ ወረቀት ግን ጨዋ ነው፣ የጻፉበትን ብቻ ይናገራል። ሩት፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት። እትዬ፣ አንቺም እስኪያልቅ አትቆጪ።

ልብስ ነጋዴዋ ፀጋ አንቺ ጋ ይርጋለም ድረስ መጥታ ወንድምሽ ዐይኑ ፈሰሰ ብላሽ፣ አንቺም የማክሰኞውን የዐይን ሞራ ቀዶ ጥገና፣ በቃ በጨለማዬ ልኑር ብለሽ እንደተውሽው ትናንት ሰማሁ። ዐይኔ አልፈሰሰም። ፀጋ እኮ የሰው ጉንፋን ይዛ ከፒያሳ ከተነሳች፣ መናኸሪያ ስትደርስ ለቅሶ ታደርገዋለች። ግን ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው ብዬ ልምልልሽ አልችልም። ስለዚህ የሆነውን ከእኔው ስሚ።

የእኔ ቀዶ ጥገና እንደነገርኩሽ ነው። ሃያ ደቂቃ አልሞላም፤ ጥርስ መነቀል ከዚህ ይከፋል። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ቀኝ ዐይኔ በራ። የሳሎናችን ግድግዳ ቢጫ ነው ብዬ ሁለት ዓመት ስሟገት ኖሬ ለካ ነጭ ነው! ታቢታ ይህን ድሏን እስካሁን አክብራ አልጨረሰችም።

ዶክተር ሀያት መመሪያ የተጻፈበት ወረቀት ሰጠችኝ። ጠብታው በቀን አራት ጊዜ፣ እጅን በሳሙና ታጥቦ። አለማሸት፣ አለማጎንበስ፣ ከባድ ነገር አለማንሳት፣ ውሃ አለማስነካት፣ ሲተኙ የዐይን መከለያውን ማድረግ። ከቀላ፣ ካመመ ወይም እይታው ከደበዘዘ ነገ ሳይባል በዚያው ቀን መምጣት የሚለውን ደግሞ ራሷ በእስክሪብቶ አሰመረችበት። እኔ፣ በዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር መስኮት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪውን ሁሉ መመሪያ ሳታነብ አትምጣብኝ እያልኩ ያባረርኩት ሰው፣ ወረቀቱን አጣጥፌ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አኖርኩት። እዚያ በታላቅ ክብር ተቀመጠ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት እንድሰጥ ተጠራሁ። ማይክ ከጨበጥኩ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ። ጥቁር መነጽሬን እንደ ጄኔራል አወለቅኩ፤ ከመጽሐፉ ደቃቅ ፊደል ሦስት ቁጥር አነበብኩ፤ ጉባኤው ሃሌሉያ አለ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። እዚህ ላይ ብወርድ ምን ነበረበት? ፈጽሞ ድኛለሁ፣ አንዳች የቀረኝ ነገር የለም አልኩ። ሐኪሟንም ጠብታውንም ሳላነሳ ወረድኩ።

ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው። ቤቱ ደስታዬን ሊካፈል በመጣ ሰው ሞላ። ታቢታ ጠብታውን ይዛ ብቅ ስትል እጠቅሳታለሁ፤ ትመለሳለች። ፈጽሞ ድኛለሁ ያለ ሰው በምእመናን ፊት አንገቱን አጋድሞ ጠብታ ሲደረግለት ምን ይባላል? ብልቃጡን የካልሲ መሳቢያዬ ውስጥ ደበቅኩት። ታቢታ ስትጠይቀኝ ራሴ አድርጌያለሁ እላታለሁ። ሰኞ አላደረግኩም፣ ማክሰኞ አላደረግኩም። ማክሰኞ ማታ ወንጌላዊ ቢኒያም ከዘማሪዎቹ ጋር መጥቶ ስንጸልይ፣ እኔ ከሁሉም በልጬ ተንበረከክኩና ግንባሬን መሬት ላይ ደፋሁ፤ እንባዬ ሲመጣ በእጄ ጀርባ እሽት፣ እሽት። አለማጎንበስን እና አለማሸትን በአንድ ጸሎት ጨረስኳቸው።

ረቡዕ ሲነጋ ዐይኔ ቀልቶ አደረ። ይወጋኝ ጀመር። ነጩ ግድግዳ ጭጋግ ለበሰ። ነፋስ ነው አልኩ። ያን ቀንም ዝም፣ ጠብታም የለም።

ሐሙስ ታቢታ የታጠበ ካልሲ ልታስቀምጥ መሳቢያውን ስትከፍት ብልቃጡን አገኘችው። ቢኒያምን ደውላ አስጠራችው። እሱም አይቶኝ፣ ጋሼ፣ ጠብታውን ይተዉ ያለዎት ማነው፣ ሐኪሟንስ ማን የላካት መሰለዎት፣ ምስክርነቱን የሚያበላሸው ጠብታው ነው ወይስ ውሸቱ አለኝ። የልጄ እኩያ ነው፤ ጫማዬን ፈልጌ ተጫማሁ። በባጃጅ ወሰዱኝ። የመንገዱ ጉድጓድ ሁሉ ዐይኔ ውስጥ ነበር።

ዶክተር ሀያት በመሣሪያዋ ረጅም ጊዜ አየችኝና ጠብታውን ስንት ቀን ተዉት አለችኝ። ሁለት አልኩ። ታቢታ ከኋላዬ ሆና ሦስት አለች። ዐይኔ ውስጥ መርፌ ወጉኝ፤ ጠብታው በየሰዓቱ ሆነ። ሐኪሟ፣ አባባ፣ አንድ ቀን ቀድመው ቢመጡ ኖሮ ብላ ጀመረችና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሰው ቀረች። እኔም እንድትጨርሰው አልጠየቅኳትም።

እትዬ፣ ጥፋቱ የቀዶ ጥገናው አይደለም፤ የምላሴ ነው። ለአንቺ፣ ተመስገን፣ ማይክ የሚሰጥሽ የለም። የተሰቀለ ካፖርት ሰላም ብለሽ መልስ ስታጪ፣ ምን ያኮራዋል ብለሽ ማኩረፍሽን ለሰው ሁሉ አውርቼ ስቄያለሁ። በእሳቱ ግን አልሳቅኩም። ምድጃው ሌላ ቀን እጅሽን ብቻ ነክቶ አይተውሽም። እባክሽ፣ በእኔ ሞኝነት አንቺ አትቀጪ። ማክሰኞ ነይ።

ሩት፣ ጠብታዋን አንቺ ያዢ፤ ራሴ አድርጌያለሁ ብትልሽ እንዳታምኛት፣ የቤተሰብ በሽታ ነው። መስመሮቹ አንዱ በአንዱ ላይ የወጡት ደግሞ ጠረጴዛችን ስለሚነቃነቅ ነው።

እኔም ማክሰኞ ጠዋት እዚያው ቀጠሮ አለኝ። ሐኪሟ ሰው ይዘው ይምጡ ብላኛለች። ታቢታ ልትከተለኝ ተነስታ ነበር፤ እህቴ አለችልኝ ብዬ አስቀረኋት። መጀመሪያ አንቺን ከጠሩሽ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። መጀመሪያ እኔን ከጠሩኝ ግን፣ እትዬ፣ አብረሽኝ ግቢ። አላይም ብለሽ አትቅሪ፤ እኔ የምፈልግሽ እንድታዪልኝ አይደለም።

ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ማክሰኞን በሰላም ያሳልፈን፣ ቤትሽን ይባርክ።

የማይሰማሽ ታናሽ ወንድምሽ