ሰማያዊ መስኮቴን ቢጫ ላደረጉልኝ ክቡር ኃላፊ

ለሰፈር ውበትና የምሽት ብርሃን ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለአንገትዎና ለዓይንዎ ጤና፣ ያለኝን መልካም ምኞት አቀርባለሁ። ይህን ሁሉ መስኮት ከመንገድ ላይ ሆኖ አንጋጦ መመልከት ሁለቱንም ይፈትናልና ፈጣሪ ይጠብቅልዎ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ያጣሁት እንቅልፍ ብቻ ነው፤ እሱንም በማን ምክንያት እንዳጣሁት ስለማውቅ፣ ምክንያቱን ሳያውቁ ከሚገላበጡት ሰዎች እሻላለሁ።

ሉልሰገድ ዓምደሚካኤል እባላለሁ። ሰነድ ተርጓሚ ነኝ። የምኖረው ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለው አሮጌ ፎቅ፣ ሦስተኛው ደርብ ላይ ነው። በጽሕፈት ቤትዎ ግን የምታወቀው «ሰማያዊ መብራት የሚያበራው ሰውዬ» በሚል እንደሆነ ሰምቻለሁ። ጉዳዬን በአካል ላስረዳዎት በተደጋጋሚ መጥቼ ነበር፤ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስብሰባው ስለ ብርሃን እንደሆነ ጸሐፊዎ ነግራኛለች። ስለዚህ ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

መስኮቴን ሰማያዊ ያደረገው ከበላዩ ሰማያዊ መብራት የተሰቀለበት የመስታወት ገንዳ ነው። በውስጡ የጨው ውሃ፣ ጥቂት ዓሣዎችና አንድ የኮራል ጎጆ አለ። ኮራል ድንጋይም ተክልም ይመስላል፤ ግን እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ደቃቅ እጽዋት አስጠግቶ ያኖራል፤ እነሱም ከብርሃን ምግብ ሠርተው ያካፍሉታል። ብርሃኑ ሲበላሽ አብረው መኖር ያቅታቸውና ይለያያሉ። ያን ጊዜ ኮራሉ አጥንቱ እስኪታይ ይነጣል። ነዋሪ የወጣበት ቦታ ምን እንደሚመስል ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የገንዳው ባለቤት እኔ አይደለሁም። ሐጂ አብዱልሙሀይሚን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ይኖሩ የነበሩ ጎረቤቴ። ኮራሉን ከአገር የሚወጣ ወዳጃቸው የሰጣቸው የጣት ጫፍ ሲያህል ነው፤ ዛሬ ሁለት መዳፍ ይሞላል። ቤታቸው ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር ሲሄዱ፣ በተሰጣቸው ቤት መብራት ገና ስላልገባ ገንዳውን እኔ ዘንድ አስቀመጡት። «ሉልሰገድ ልጄ፣ አደራ። ከደከመህ ንገረኝ፣ ዝም ብለህ ግን እንዳታስሞትብኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይመጣሉ። ሻይ አቀርባለሁ። ኮራሉን ያያሉ። ከዚያ በመስኮቱ ቤታቸው የነበረበትን ሣር ያያሉ። ከዚያ ተመልሰው ኮራሉን።

አሁን እሳቸው ዘንድም መብራት ገብቷል። ገንዳውን ልውሰድ ብለው ግን አያውቁም፤ እኔም ይውሰዱት ብዬ አላውቅም። ኮራሉን ከወሰዱ ፒያሳ የሚመጡበት ጉዳይ የላቸውም። ከሞተም እንደዚያው። ይህንን ሳስብ ተነሥቼ መስታወቱን አየዋለሁ፤ ተመልሼ እተኛለሁ፤ እነሣለሁ።

በዚህ መካከል ጽሕፈት ቤትዎ ለዋለልኝ ውለታ ምስጋናዬ የሚከተለው ነው።

አንደኛ። ከመስኮቴ ደፍ ሥር ስላስቸነከሩልኝ የጌጥ መብራት። ቀይ ይሆናል፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ ጥቂት ያስብና ሐምራዊ ይሆናል፤ እስኪነጋም አይደክመውም። የኮራል መብራት ጠዋት ቀስ ብሎ መነሣት፣ እኩለ ቀን ላይ መበርታት፣ ማታ ቀስ ብሎ መውረድ አለበት፤ ከዚያ ደግሞ ጨለማ ያስፈልጋል፤ ጨለማው እንደ ብርሃኑ የግድ ነው። ኮራል እጆቹን ዘርግቶ ምግብ የሚለቅመው ሲጨልም ነውና። እርስዎ ከተማችንን ጨለማ ከሚባል ነገር ስለገላገሏት፣ ይህ ፍጡር እጁን ከሰበሰበ ሰነበተ። እኔም እንደሱ ነኝ። ሁለታችንም ተኮራምተን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ። ስለ ተቆጣጣሪዎ ጉብኝት። የድሮ የፒያሳ ሰው የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በእኛ ሰፈር መስኮት ላይ ቀለም ያለው አምፖል ከታየ እዚያ ቤት ይጠጣል ማለት ነበር። ቤቶቹ ፈርሰዋል፤ ትዝታው ግን አልፈረሰም። ተቆጣጣሪዎ በሬን አንኳኩተው በትሕትና «እዚህ ቤት የሚሸጠው ምንድን ነው?» አሉኝ። ምንም አልኩ። «ታዲያ ሰማያዊው መብራት ለማን ነው?» ለኮራል ነው አልኩ። ወደ መኝታ ቤቴ በር አየት አድርገው «ኮራል ማናት?» አሉኝ።

አልፈርድባቸውም። ታክሲ ተራ የሚያስከብረው ልጅ፣ የሲንም፣ ባለፍኩ ቁጥር «ሉሌ፣ ቢራው ቀዘቀዘ?» ይለኛል። አንድ ምሽት ደግሞ ከአትክልት ተራ የሚመለስ፣ ትከሻው ላይ የሽንኩርት ልጣጭ የቀረበት ሰው አንኳኩቶ ገባ፤ ባንኮኒውን ፈለገ፣ አጣ፣ ገንዳው ፊት ተቀመጠና «አንድ ቢራ፣ ከተቻለ ያንን ቢጫውን ዓሣ ጥብስ» ሲል አዘዘኝ። ቢራ እንደሌለ ነገርኩት። አልተነሣም። ዓሣዎቹንና ኮራሉን ሲያይ ቆየ። ሲወጣ «ሒሳብ ስንት ነው?» አለኝ። ምንም ስለው አላመነኝም። ልዩነቱ፣ ክቡር ሆይ፣ ያ ሰው ተሳስቶ ገብቶ ቁጭ ብሎ ማየቱ ነው። ተቆጣጣሪዎ ገንዳውን አላዩትም፤ ያዩት የመብራቱን ቀለም ነው።

ሦስተኛ። ስለ ትእዛዝዎ። «ከመንገድ የሚታይ መስኮት ሁሉ ብርሃኑ ወርቃማ ይሁን» የሚለው ደብዳቤ ከአንድ ቢጫ አምፖል ጋር ደርሶኛል። ባሕር ውስጥ ጠልቆ የሚወርደው ሰማያዊው ብርሃን እንደሆነ፣ ቀዩና ቢጫው ግን ከላይ ከላይ እንደሚቀር፣ ስለዚህም ኮራል ከጥንት ጀምሮ የለመደው ሰማያዊውን እንደሆነ በጽሑፍ አስረድቼ ነበር። ባሕር በጽሕፈት ቤትዎ ሥልጣን ሥር ስላልሆነ መልስ አልጠበቅሁም፤ አልመጣምም።

እናም ታዘዝኩ። ሰማያዊውን አውርጄ ቢጫውን ከገንዳው በላይ ሰቀልኩ። ብዙም አልቆየ፣ መስታወቱን ቡናማ ዝቃጭ ሸፈነው። ኮራሉ ተሸበሸበ። ከዚያ አንዱ ጫፉ ነጣ። ትንሽ ነጥብ። የጥፍር ቁራጭ የምታህል። ጣቴን መስታወቱ ላይ አድርጌ ስለካት እውላለሁ፤ ያደገች ይመስለኛል፣ ያላደገች ይመስለኛል። የምተረጉመው የልደት ሰርተፊኬት ሳይጨረስ ጠረጴዛው ላይ አደረ።

አርብ ሐጂ መጡ። ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡና ወደ ነጣው ጫፍ ጎንበስ አሉ። በኋላ «አመመው እንዴ?» አሉኝ። ስለ ትእዛዙ ነገርኳቸው። «ወርቅ ነው በቢጫ መብራት የሚሸጠው» አሉ፣ «ያምርና ነውሩ ይደበቃል። ይሄ ደግሞ ለሽያጭ አይደለም።» አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ሻዩን ሳይጠጡ ተነሡ። በሩ ላይ «መንገዱም ርቋል ልጄ፣ የሚቀጥለውን እንጃ» አሉኝ።

ይህ «እንጃ» ነው እንቅልፌን የወሰደው። የጌጥ መብራትዎ ብቻውን ይህን ያህል አልቻለም ነበር፤ እዚህ ላይ ሳላስበው አምቼዎት ከሆነ ይቅርታ።

አራተኛ። ከዚያች አርብ በኋላ መስኮቴ ወርቃማ ሆኗል። በትክክል ወርቃማ። ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ሲወርዱ ወደ ግራ ቀና ቢሉ ያዩታል። ሌላውን መስኮት ሁሉ ያስንቃል። ተቆጣጣሪዎም ከታች ሆነው አይተው አውራ ጣታቸውን አሳይተውኛል። ስለ ኮራሉ ደኅንነት ከጠየቁኝ እመልስልዎታለሁ፤ ግን አልጠየቁኝም።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። በዚህች ከተማ፣ በሚመችዎት ሰዓት፣ በሚመርጡት መንገድ ላይ፣ ለጥቂት ጊዜ ጨለማ ይፍቀዱልን። ጨለማውን እርስዎ መርቀው ይክፈቱት፤ እኛም መጥተን እናጨበጭባለን።

ከመስኮቱ ውጪ ምንም ያልታየለት፣ ብርሃንዎ የበዛለት፣ ዕድሜና ከፍ ያለ ሹመት ከልብ የሚመኝልዎት፣ ሹመቱም ከዚህ ሰፈር ራቅ ያለ እንዲሆንልዎ የሚጸልይ፣

ታዛዥዎ
ሉልሰገድ ዓምደሚካኤል
ፒያሳ፣ አራዳ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ተቆጣጣሪዎ «ምሳሌ የሚሆን ቤት» የሚል የምስክር ወረቀት በመስታወት አስገብተው አመጡልኝ፤ ጎረቤቶቼም ከእኔ እንዲማሩ እንደታዘዙ ነገሩኝ። ማስተማር ካለብኝ እንግዲህ ሙያውን አልደብቅም። መስኮቱን ከውስጥ በሳንቃና በወፍራም ብርድ ልብስ ደፍኜዋለሁ። የሰጡኝ አምፖል የሚበራው በመስታወቱና በሳንቃው መካከል ነው። ከሳንቃው ወዲህ ሰማያዊው ወደ ቦታው ተመልሷል፤ በአንድ ጊዜ በርትቶበት እንዳይጎዳው ቀስ በቀስ አሳደግሁት። ማታ ሲጠፋ ይጨልማል፤ ኮራሉም እጁን መዘርጋት ጀምሯል። የነጣው ጫፍ እንደነጣ ነው፤ ወደ ታች ግን አልወረደም።

ሐጂ አብዱልሙሀይሚን ባለፈው አርብ መጡ። ሣሩን የሚያዩበት መስኮት መደፈኑን አይተው ይከፋቸዋል ብዬ ተጨንቄ ነበር። «ይሻላል» አሉ፣ «ወዲያ ሳይ ነበር ሻዩ የሚቀዘቅዝብኝ።» ሁለት ብርጭቆ ጠጡ።

ከታች የምትኖረው ረይሀና ሳንቃውን ለክታ ሄዳለች። የምስክር ወረቀትዎንም የተሸለመው ክፍል በመስታወቱና በሳንቃው መካከል ያለው ስለሆነ እዚያው፣ አምፖሉ ሥር፣ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሬ ሰቅዬዋለሁ። ክፍሉ ስፋቱ አንድ ስንዝር ነው፤ ሲያዩት ያምራል፤ ማንም አይኖርበትም።