ሁለቱ አዳዲስ ደረጃዎች

ይድረስ ለልጄ፣

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴን ደፍኛለሁ። እንጨቴን እፈልጣለሁ፣ ሸሚዜን አጥባለሁ፣ ወንዝ ወርጄ እወጣለሁ፤ ይኸው ደብዳቤም በገዛ እጄ እጽፋለሁ። ስለዚህ ለኔ አታስቢ። አንቺ ደህና ነሽ ወይ? ባልሽስ? ልጅሽ ጥርስ አወጣ? የላክሽው ፎቶ ደርሶኛል፤ የጀልባው ቀዛፊ ግንባሩ ቁርጥ እናትሽን ነው አለኝ፣ ደስ አለኝ። መስመሩ ቢደራረብብሽ ይቅር በይኝ፣ የማስመሪያ ጠርዝ እየዳሰስኩ ነው የምጽፈው።

መጥተህ እኛ ጋ ተቀመጥ፣ መስኮቱ ስር ወንበር አስቀምጬልሃለሁ ላልሽው፣ እኔ እዚህ ሥራ አለኝ። ይህ ወንዝ ከተራራው ሦስት ምንጭ ሆኖ ይነሳል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ያለ ጀልባ አይሻገሩትም። ከኛ በታች ሜዳው ላይ ተንጣሎ የስንቱን ማሳ ያጠጣል፣ ከዚያ ግድቡ ገብቶ ያንቺን ቤት አምፖል ያበራል። መጨረሻው ባሕር ነው ይላሉ፤ እኔ ባሕር አላየሁም። ዛሬ በደጄ ያለፈው ውሃ ከነገ ወዲያ አንቺ ከተማ ነው፣ ደብዳቤዬን ይቀድማል። ከፍታውን የሚያሳየው እዚህ የተተከለው ባለቁጥር ብረት ነው፤ ቁጥሩን ጠዋትና ማታ ለውሃ ቢሮው በስልክ የምናገረው እኔ ነኝ።

አሁን የምነግርሽን ማንም አልሰማም።

ያን ቁጥር ዓይኔ ካየው ቆየ። እናትሽ ሳለች እሷ ታነበው ነበር፣ መዝገቡንም እሷ ነበረች የምትጽፈው፤ እኔ ከስር እፈርማለሁ። ዘጠኝ ዓመት። መዝገብህ ስህተት የለበትም ብለው ስሜ የተቀረጸበት የናስ ሰሌዳ ሰጡኝ፤ እሷ ግድግዳው ላይ ሰቀለችልኝና ሳቀች። ስትሞት ለቢሮው ልናገር ብዬ ኩራቴ ያዘኝ። ወደ ውሃው የሚወርደውን የድንጋይ ደረጃ በበትሬ እየቆጠርኩ፣ ስንት ደረቅ እንደቀረ አስልቼ መናገር ጀመርኩ። ልክም ነበርኩ።

በበጋው ግንበኛው ከላይ ሁለት ደረጃ ጨመረ። ለማን ብለህ ነው ስለው፣ ለእርስዎ ጉልበት ነዋ፣ እኔማ ዘልዬ እወርዳለሁ ብሎ ቀለደብኝ። መረቅኩት፣ ረሳሁትም። ወንዙ የሞላ ዕለት እነዚያንም አብሬ ቆጠርኳቸው። ሦስት ሜትር ተኩል ነው አልኩ። አራት ነበር። አራት ከደረሰ ከታች ያለው ሰው ውጣ ይባላል፤ አልተባለም። ቀዛፊው እናቱን አዝሎ ደረቱ ድረስ በውሃ ወጣ። ፍየሎቹ በረት ውስጥ ቀሩ። አሮጊቷን ከዚያ ወዲህ ሳል አልለቀቃትም።

ቢሮው ቁጥሩን ደለል ሸፍኖት ነው ብሎ ብረቱን አሳጥቦ ሄደ።

ቀዛፊውን ላጽናና ሄድኩ። እኔን ደግፎ አስቀመጠኝና "አባባ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ፣ ውሃ ነው" አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በሳምንቱ መጥቶ ያንቺን ፎቶ ያየልኝ እሱ ነው።

ይህን ስናገር ሥራውን እንደሚወስዱብኝ አውቃለሁ። ያለ እሱ አንድ ሽማግሌ ነኝ። ወንበሩን ግን ከመስኮቱ ስር አታንሺው።

ዕድሜሽ ይርዘም፣ ቤትሽ ይሙቅ፣ የልጅሽን ዓይን ክፉ አይንካው።

ዕዳዬን ራሴ ነው የምከፍለው፣ ባልሽን እንዳትልኪብኝ። ለቀዛፊው፣ ውሃው አይደለም፣ እኔ ነኝ ማለት አለብኝ፣ ፊቱ ቆሜ። እናቱን ሐኪም ቤት እጇን ይዤ መውሰድ፣ ወይም እሷ እኔን ትያዘኝ። ለግንበኛው፣ ጥፋቱ የደረጃህ አይደለም ማለት። ለቢሮው መደወል። ለእናትሽ ደግሞ ያን ሰሌዳ አውርጄ ስሟን በምስማር እቀርጽበታለሁ። የኔ ስም የት ጋ እንዳለ በጣቴ አውቀዋለሁ።

አባትሽ