አባባ ተልባ በሉ

ሰኞ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እንጅባራ

ዛሬ ጠዋት ለተማሪዎቼ ስለ አይጦች አስተማርኩ። አይጥ ጣፋጭ ውሃ ጠጥታ ከታመመች ዳግም አትቀምሰውም። ጣዕም የሚለየው የአንጎሏ ክፍል ሲጎዳ ግን ያመማትን ረስታ ያንኑ ውሃ ደስ ብሏት ትጠጣለች። ይህንኑ ለሁለት ክፍል ስደጋግም ድምፄ ተዘጋ።

ለምሳ ቤት ስገባ አዲሷ ጎረቤታችን የተልባ ፍትፍት ይዛ መጥታ አባባን ስታጎርሳቸው አገኘኋት። ደነገጥኩ። አባባ ገና እኔ ሳልወለድ ተልባ በልተው ሲያስመልሳቸው አድረዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሽታው እንኳ ደጃችን ደርሶ አያውቅም። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በጾም ሲያምራት አዲስ ቅዳም ከተማ ያለችው እህቷ ዘንድ ሄዳ ነበር የምትበላው። ስትመለስም አፏን ተጉመጥምጣ ነው የምትገባው።

"አባባ፣ ተልባ እኮ ነው፤ ይተዉት" አልኳቸው።

"ተይኝ ልጄ፣ ይጥማል" አሉና በደህናው እጃቸው ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። አምና ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ እንዲህ ሲበሉ አይቼ አላውቅም። ጠርገው ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

"እናትሽ ይኸን የመሰለ ነገር ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትሠራልኝ ሞተች?"

ስለ አይጦቹ ምን ብዬ ልንገራቸው? የአዲስ ቅዳሙን ለመንገርም አቅም አጣሁ።

"አታውቅበትም ነበር" አልኳቸው።

ደክሞኝ ነው እንጂ እማዬን እንዲህ አላማትም ነበር።