ሞተሯን ስታጠፋ

ዲልማን፣

ወደ አገሬ ወደ ላምጁንግ የሚሄደው አውቶብስ ሊያመልጠኝ ነው። ከእንግዲህ እናቴ ጋ ነኝ። ክፍላችንንም ሞተሯንም ትቼልሃለሁ።

ስታስነሳት ቁልፉን ክፈትና ቆም በል። የቤንዚኑ ፓምፕ እዝዝ ብሎ ዝም እስኪል፣ ቢጫዋ መብራትም እስክትጠፋ ጠብቅ። ከዚያ ማስነሻውን ብቻ ተጫን። እንደ ድሮዋ ሞተርህ ነዳጅ እየሰጠህ አታስጩሃት።

ስታጠፋት በቀዩ ማጥፊያ ብቻ አጥፍተሃት አትግባ። ቁልፉን ዘግተህ ንቀለው። አለዚያ መብራቷ ሲበራ አድሮ ባትሪዋን ይጨርሰዋል። ያለ ባትሪ ደግሞ ፓምፑ ቤንዚን አይልክም፤ ብትገፋትም አትነሳም።

አባዬ ታሟል ተብዬ በተጠራሁበት ጠዋት እስከ ሐይቁ ድረስ ገፋናት። "ግፋ ቴክ፣ ግፋ፣ አሁን ትነሳለች!" ትል ነበር፤ ላብ በላብ ሆነህ። አልተነሳችም። በዋዜማው ማታ ማን ነድቷት እንደገባ አልጠየቅኩም። አሁንም አልጠይቅም።

ሩዙ ድስቱ ውስጥ ነው። ምስሩን አሙቀው።

እናቴ ትናንት በስልክ የነገረችኝን ግን ልንገርህ። አባዬ ያን ቀን ነፍሱ እስክትወጣ ድረስ፣ በመንገዱ ሞተር ባለፈ ቁጥር "መጣ፣ በሩን ክፈቱለት" ይል ነበር አለችኝ።

ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ሁልጊዜ እዚያ ስቀለው።

ቴክ